የእማማ ቀኝ እጅ በመስታወት ውስጥ

አያቴን ቤት ውስጥ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላት። አንበሳሜ ውስጥ እንደሷ ቀጭን ፈትል የሚፈትል የለም እላለሁ፤ ማዳላቴ አይቀርም። አንድ ቀን ጠዋት እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ፤ አፏ ተጣመመ፤ ቀኝ እጇና እግሯ አልታዘዝ አሉ። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ሲጨምቅላት ዋለ። ሐኪም ቤት የደረስነው በማግስቱ ነው። ያቺ የባከነች ቀን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች፤ በስትሮክ ጊዜ የአንጎል ሕዋሳት የሚሞቱት በየደቂቃው ነውና።

ስትሮክ ማለት የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ነው። ዋናው ጠንቅ የደም ግፊት ነው። ኤች አይ ቪም የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራል፤ ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ግራ ጎን ስለሆነ የእማማ ጉዳት በግራ በኩል ነበር።

ደብረ ታቦር ስንመላለስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ቤት ውስጥ ሰፋ ያለ መስታወት አላችሁ?» ስትለን ግራ ገባን። እማማማ «በዚህ ዕድሜዬ ልኳኳል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስታወቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በደረቷ መካከል ትይዩ ይቆማል፤ ፊቱ ወደ ደህናው ግራ እጅ ነው። የታመመው ቀኝ እጅ ከጀርባው ይደበቃል። ሁለቱ እጆች እንዲመሳሰሉ ቀለበትና አምባር ይወልቃል። ከዚያ ግራ እጇን እየጨበጠች፣ እየዘረጋች፣ መዳፏን እያገላበጠች መስታወቱን ታያለች። እዚያ የምታየው ታዲያ ቀኝ እጇ ሲንቀሳቀስ ነው! የተደበቀውንም እጅ የቻለችውን ያህል አብራ ለማንቀሳቀስ ትሞክራለች። ዓይን ያየው ነገር እጅን የሚያዙትን የአንጎል ክፍሎች ይቀሰቅሳል።

ሐሳቡን በ1990ዎቹ ያመጣው ቪ. ኤስ. ራማቻንድራን የተባለ የህንድ ተወላጅ ተመራማሪ ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው እጃቸው ተቆርጦ ሳለ «የሌለው እጄ ያመኛል» ለሚሉ ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ከባልደረቦቹ ጋር በ9 የስትሮክ ሕሙማን ላይ ያደረጉት ሙከራ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ 62 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ፣ ዘዴው ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲታከል እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል አሳየ። «ሲታከል» ማለቴን ልብ በሉ። መስታወት ብቻውን አያድንም፤ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም።

እኛ የተባልነው በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። እማማ ይሰለቻታል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔም ይሰለቸኛል፤ ምን እደብቃችኋለሁ! በአምስተኛው ሳምንት ግን ከመስታወቱ ጀርባ አውራ ጣቷ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«እማማ፣ ተንቀሳቀሰ!» ብዬ ጮህኩ።

ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል «ስንት ቀን ሙሉ እያየሁት አይደል እንዴ!» አለችኝ።

አሁን ማንኪያ ትይዛለች። እንዝርቱ ገና ነው።