የኋላው ፊውዝ ሳጥን የሚጠበቀው ከፊት ነው

በእስራኤል፣ በያቭነ ከተማና በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል ያለው ምድር አሸዋማ ነው፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱም ከአሽዶድ ማዶ የኒጻኒም የአሸዋ ክምር ይከተላል። እንዲህ ባለ ቦታ በተፈቀዱት መንገዶች የሚሄድ ጂፕ ጎማውን አስተንፍሶ ይገባል፤ አስፋልት ላይ ሲወጣ ደግሞ በኮምፕሬሰር መልሶ ይሞላዋል። ከገዴራ ወይም ከቂርያት መላኺ ተነሥቶ በ40 ቁጥር መንገድ፣ በቤር ሼቫ አድርጎ ወደ ሚጽፔ ራሞን የሚጓዝ ቤተሰብም ሥጋውንና ውሃውን የሚያቀዘቅዝለት የመኪና ፍሪጅ፣ ማታ የሚያበራለት መብራት፣ ስልክ የሚሞላበት መሰኪያ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የሚቀመጡት ከኋላ ከዕቃው ጋር ሲሆን ባትሪው በአብዛኞቹ መኪኖች ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ነው። በመካከላቸው አምስት ሜትር ያህል የኬብል መንገድ አለ። ብዙ ባለ ጂፖች በዕቃ መጫኛው ጎን ተጨማሪ የፊውዝ ሳጥን የሚያስገጥሙት ለዚህ ነው፤ እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ። የሚያሳስበኝ ሳጥኑ ከኋላ ስለገባ ብቻ መኪናው ተጠበቀ ብሎ ማመን ነው። የዚያ ሳጥን ደኅንነት የሚወሰነው ከፊት፣ ባትሪው አጠገብ በሚቀመጥ አንድ ፊውዝና ከዚያ በሚነሣው ኬብል ውፍረት ነው። ከኋላ ምንም ዓይነት ውድ ሳጥን ቢገጠም ይህን አይተካም።

ነገሩ የሚገባን ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን መሆኑን ስንረዳ ነው። ፍሪጁ ወይም ኮምፕሬሰሩ ውስጡ ሲበላሽ ፊውዙ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ከተጎዳ በኋላ ነው። የሚያድነው በምንጣፍና በመቀመጫ ሥር ተሸሽጎ የሚያልፈውን ኬብል፣ በዚያም ምክንያት መኪናውንና በውስጡ ያሉትን ሰዎች ነው። ከረንት በብረት ውስጥ ሲያልፍ ሙቀት ይፈጥራል፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በተለመደው የመኪና ፊውዝ ውስጥ ያለው ቀጭን የዚንክ ቅጠል በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። የኬብሉ መዳብ እስከ 1,085 ዲግሪ ይችላል፤ መዳቡን የሸፈነው ፕላስቲክ ግን እንደ ዓይነቱ ከ70 እስከ 105 ዲግሪ ብቻ እንዲችል የተሠራ ነው። ስለዚህ ኮንታክት ሲፈጠር የሚካሄደው ውድድር ነው፤ ያቺ ትንሽ የዚንክ ቅጠል የኬብሉ ፕላስቲክ ሳይለሰልስና ሳይጨስ ቀድማ መቅለጥ አለባት። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1890 ለፊውዝ ማስቀመጫ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲያገኝም መሠረቱ ይኸው ነበር፤ በመስመሩ ላይ ሆን ተብሎ አንድ ደካማ ቦታ ይበጃል፤ ችግር ሲመጣ የሚበጠሰውም በታወቀውና በተመረጠው በዚያ ቦታ ይሆናል። ዛሬ በመኪናችን የምናያቸው ባለ ሁለት እግር ፊውዞች፣ 10 አምፔሩ ቀይ፣ 15ቱ ሰማያዊ፣ 20ው ቢጫ፣ 30ው አረንጓዴ፣ የዚያው ሐሳብ ልጆች ናቸው።

በቁጥር እንየው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ከባትሪው ተነሥቶ 5 ሜትር ወደ ኋላ ቢሄድና በዚያው ዓይነት ሽቦ ቢመለስ፣ የ10 ሜትሩ ሬዚስታንስ 0.07 ኦም ያህል ነው። ጫፉ ላይ ኮንታክት ቢፈጠር 12.6 ቮልት ያለው ባትሪ ወደ 180 አምፔር ይገፋበታል። ይህ 2,300 ዋት ያህል ሙቀት ነው፤ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ፣ ምንጣፍ ሥር ተለቀቀ ማለት ነው። ባትሪው ሞተሪኖውን ለማሽከርከር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ ይህን ያህል ለመስጠት አይቸገርም። አሁን ከኋላ ባለው ሳጥን ውስጥ ስድስት ፊውዞች ተሰክተዋል እንበል። ኬብሉ ግን ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ላሜራ ቀዳዳ ላይ እየተፋተገ ልብሱ ተላጠና ከመኪናው አካል ጋር ተነካካ። ከስድስቱ ፊውዞች አንዱም ይህን ከረንት አያየውም፤ ከረንቱ እነርሱ ዘንድ ሳይደርስ ወደ ባትሪው ተመልሷል። በአሸዋና በኔጌቭ ድንጋያማ መንገድ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ መኪና ደግሞ ኬብል ለመፋተግ ከሁሉ የበለጠ ዕድል የሚያገኝበት ነው። የአሜሪካ የጀልባና የያት ምክር ቤት ደንብ ፊውዙ ከኃይል ምንጩ በ7 ኢንች፣ ማለትም በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ እንዲቀመጥ ያዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ኬብሉ በተጨማሪ መከላከያ ቱቦ ሲሸፈን ርቀቱ እንዲረዝም ይፈቅዳል። ደንቡ ለጀልባ ቢጻፍም የሽቦው ባሕርይ በጂፕ ውስጥ አይለወጥም።

እዚህ ላይ ከባድ የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው የፋብሪካ ኬብል በአብዛኞቹ መኪኖች ፊውዝ የለውም፤ ታዲያ አምራቾቹ የተዉትን እኛ ለምን እንጠይቃለን? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያ ኬብል ለምን እንደተተወ በማየት ይገኛል። ሞተሪኖው ሲነሣ የሚስበው ከረንት ከፍተኛ በመሆኑ ኮንታክትን ከተለመደ አነሣስ የሚለይ ፊውዝ መምረጥ ያስቸግራል፤ ኬብሉም ወፍራምና አጭር ነው፣ ቦታው ተጠንቶ በመያዣ ታስሯል። ርቀቱ ሲረዝም አምራቾቹ ራሳቸው ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ቢኤምደብሊው ባትሪውን ከኋላ ባስቀመጠባቸው ብዙ ሞዴሎች ላይ በባትሪው ራስ ላይ ትንሽ የባሩድ ክፍያ ያለው ማቋረጫ ገጥሟል፤ ከባድ ግጭት ሲደርስ ክፍያው ፈንድቶ በመኪናው ርዝመት የሚያልፈውን ወፍራም ኬብል ከባትሪው ይለየዋል። መኪናን ከፊት እስከ ኋላ የሚያቋርጥ፣ ሁልጊዜ ኃይል ያለበት ኬብል ያለ ጥበቃ መተው እንደሌለበት ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ፍሪጁ የራሱ ፊውዝ አለው የሚለው ሌላው ተቃውሞ ቀላል ነው፤ ያ ፊውዝ የሚያየው ከእርሱ በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

የፊውዙን ቁጥር ለመምረጥ ፊውዝ ቸኩሎ እንደማይቃጠል ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ ሁለት እግሩ ፊውዝ በተጻፈበት ቁጥር 110 በመቶ ከረንት ቢያልፍበት ቢያንስ 100 ሰዓት እንዲቆይ ነው የሚሠራው። በ135 በመቶ እስከ 10 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ በእጥፍ ከረንት በ5 ሰከንድ ውስጥ ይበጠሳል። ስለዚህ የ20 አምፔር ፊውዝ 27 አምፔርን ለደቂቃዎች ሊያሳልፍ ይችላል፤ ሽቦው ያን ጊዜ ሳይጎዳ መቆም አለበት። በሌላ በኩል ፊውዝ በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ ያለማቋረጥ የሚሸከመው ከረንት ከቁጥሩ 75 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። ኮምፕሬሰሩ 30፣ ፍሪጁ 5፣ መብራቱና መሰኪያዎቹ ተደምረው ሌላ 8 አምፔር ቢወስዱ ድምሩ 43 ይሆናል፤ ከፊት የሚቀመጠው ዋና ፊውዝ 60 አምፔር፣ ኬብሉ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ሁለቱ ይጣጣማሉ። በኋላው ሳጥን ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ፊውዝ ከእርሱ የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ አቅም አይቶ ይመረጣል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ጭነቱ፣ ከዚያ ሽቦው፣ ከዚያ ፊውዙ። ፊውዝ በተደጋጋሚ ሲቃጠል በትልቅ መተካት ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ደካማውን ቦታ ወደ ምንጣፉ ሥር ማዛወር ነው፤ ከሁሉ የከፋው ስህተትም ይህ ይመስለኛል።

ታዲያ ዋናው ጥበቃ ከፊት ከሆነ ሳጥኑንም ለምን ኮፈኑ ሥር አናስቀምጠውም? አንዳንድ ጥሩ ባለሙያዎች እንዲህ ይላሉ፣ ምክንያትም አላቸው፤ ኬብሉ አጭር ይሆናል፣ የሚሰረሰር ነገር ይቀንሳል። ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ለሆነ ጂፕ ግን አልስማማም። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ሙቀት የፊውዝን አቅም ይቀንሳል፤ አቧራና የጭቃ ውሃም አለ። ከዚያ የሚነሡት አምስት ስድስት ቀጭን ሽቦዎችም እያንዳንዳቸው ላሜራውን ማለፍና መኪናውን ማቋረጥ አለባቸው፤ የሚፋተገው ቦታ በቁጥራቸው ልክ ይበዛል። ዋናው ነገር ደግሞ የቮልቴጅ መቀነስ ነው። በዚያ በ2.5 ካሬ ሽቦ ኮምፕሬሰሩ 30 አምፔር ሲስብ 2 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል። በ16 ካሬ ኬብል የሚጠፋው 0.3 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። የመኪና ፍሪጆች ባትሪው እንዳያልቅ ቮልቴጁ ሲወርድ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ የሚለኩት ግን እነርሱ ዘንድ የደረሰውን ቮልቴጅ ነው። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ባትሪው ገና ሳይደክም ፍሪጁ ያልቃል ብሎ ይቆማል፤ ሥጋው በሚጽፔ ራሞን ፀሐይ ሲበላሽ ባለቤቱ ፍሪጁን ይወቅሳል። አንድ ወፍራም ኬብል እስከ ኋላ፣ ከዚያ አጫጭር ቅርንጫፎች፣ ይህ ነው ፍሪጁንና ኮምፕሬሰሩን አብሮ የሚያኖረው።

ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ ሲፈለግ ከኋላ ሁለተኛ ባትሪ መጨመር ይከተላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ በኢትዮጵያ ገጠር መንገድ ሁሉ የሚታወቀው ላንድክሩዘር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለክትባት ማጓጓዣ መስፈርቱን ያሟላ የመጀመሪያ ባለ ማቀዝቀዣ ተሽከርካሪ ብሎ የተቀበለው በላንድክሩዘር 78 ላይ የተገጠመ ባለ 396 ሊትር ማቀዝቀዣ ነበር፤ ሞተሩ ጠፍቶ ለ16 ሰዓት ያህል የሚያሠራ የራሱ ባትሪ አለው፣ መኪናው ሲሄድ ይሞላል። የቤተሰብ ጂፕም በትንሹ ይህንኑ ያደርጋል። ነገር ግን ባትሪ ከኋላ ሲገባ የቅድሙ ስሌት ይለወጣል። ያ ረጅም ኬብል አሁን ከሁለቱም ጫፍ ኃይል የሚገባበት ሆኗል፤ መሃሉ ላይ ኮንታክት ቢፈጠር የፊቱ ፊውዝ ቢበጠስም የኋላው ባትሪ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ በሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ ፊውዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ባትሪ ያስገቡ ብዙ ሰዎች የሚረሱት ይህን ሁለተኛ ፊውዝ ነው።

የመገጣጠሙ ሥራ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሳጥኑ ከወለሉ ከፍ ብሎ በጎን ግድግዳ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ከፍሪጅ የሚፈስ ውሃ አይደርሰውም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጄሪካን የሚጫንበት መኪና ከሆነ ብልጭታ ሊፈጥር የሚችል ነገር ወለሉ ላይ መቀመጥ የለበትም። ከመሰርሰር በፊት ከፓነሉ ጀርባ ያለውን ማየት ግዴታ ነው፤ በዚያ በኩል የነዳጅ ቱቦ፣ የፋብሪካ ሽቦ፣ በአዳዲስ መኪኖችም ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው የኤርባግ ክፍል ሊኖር ይችላል። በእነዚህ ምክንያት ብዙዎች ሰሌዳ ቆርጠው በመኪናው ነባር ቡሎኖች ያስሩና ሳጥኑን በሰሌዳው ላይ ያጠብቃሉ፤ እኔም የማስቀድመው ይህን ነው። ኬብሉ ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ የላስቲክ ቀለበት ይግባበት። የመመለሻው ኔጋቲቭ ከመኪናው አካል ጋር ሲታሰር ቀለሙ እስከ ብረቱ ይፋቅ፣ ካፖኮርዳው በሮንዴላና በዳዶ ይጥበቅ፣ ከላይ ቅባት ይቀባ፤ ለባሕር በሚቀርብ እንደ ያቭነ ባለ ከተማ ጨዋማው አየር የተጋለጠ ብረትን ፈጥኖ ያዝገዋል፤ የዛገ መጋጠሚያ ደግሞ ሬዚስታንስ ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ከረንት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ተጨማሪውን ኔጋቲቭ በቀጥታ በባትሪው ራስ ላይ ማሰር መሣሪያውን ያሳስተዋል፣ ስለዚህ ከአካሉ ጋር ማገናኘት ይመረጣል።

ሥራው ሲያልቅ የሚፈተነው በመልቲሜትር ነው። ሞተሩ እየሠራ ኮምፕሬሰሩ በሙሉ ጭነት ይብራ፤ ቮልቴጁ መጀመሪያ በባትሪው ራሶች ላይ፣ ቀጥሎ በኋላው ሳጥን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ላይ ይለካ። ልዩነቱ ከ0.4 ቮልት የማይበልጥ ከሆነ ኬብሉም መጋጠሚያዎቹም ደህና ናቸው። ከበለጠ ኮምፕሬሰሩ ለአሥር ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በጥንቃቄ በእጅ ይዳሰስ፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚሞቀው ቦታ ቮልቴጁ የሚጠፋበት ነው፣ ተፈትቶ እንደ ገና ይታሰር።