ተሳቢው ሲጎዳ ማን ይጠየቃል?
በቤት የሚያዙ ተሳቢ እንስሳትና የባለቤቶቻቸው ኃላፊነት፦ ያለፉት ሃምሳ ዓመታት ዳሰሳ

ውሻ ሲርበው ያለቃቅሳል፤ ድመት ሳህኗ ባዶ ሲሆን እግር ሥር እየተመላለሰች ታስታውሳለች። ኤሊ፣ እባብና እንሽላሊት ግን ሲርባቸውም ሲታመሙም ድምፅ አያሰሙም። የሰውነታቸው ሙቀት የአካባቢያቸውን ሙቀት ስለሚከተል የሚያወጡት ጉልበት ጥቂት ነው። በዚህ የተነሳ በቂ ምግብ ሳያገኙ ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት በሕይወት ይቆያሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ጠንካሮች ናቸው፣ ብዙ አይፈልጉም» ይላል። እውነቱ ግን ሞታቸው ዝግ ያለ መሆኑ ነው፤ ሞቱ ዝግ ሲል ደግሞ ጥፋተኛውም ሳይታይ ይቀራል።

ይህ ዳሰሳ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ተሳቢ እንስሳትን በቤት የመያዝ ልማድ እንዴት እንደተስፋፋ፣ ሕጉስ ባለቤቶችን መጠየቅ የጀመረው መቼና ለምን እንደሆነ ይመለከታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕጎቹ በቅደም ተከተል ሲታዩ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ ሕግ ስለ ተሳቢ እንስሳት የተናገረው በአብዛኛው ሰው ሲታመም፣ ልጅ ሲሞት ወይም የዱር ሕይወት ሲመናመን ነው። እንስሳው ራሱ ስለተሰቃየ ባለቤቱን መጠየቅ ዘግይቶ የመጣ፣ ዛሬም በብዙ ቦታ ሥር ያልሰደደ ሐሳብ ነው።

በደሉ ምን ይመስላል?

ተሳቢ እንስሳን መበደል ብዙ ጊዜ ዱላ አይጠይቅም። መብራት አለመቀየር ብቻውን ይበቃል። ቀን ቀን ፀሐይ የሚሞቁ እንሽላሊቶችና ኤሊዎች ካልሲየምን ከምግባቸው ወስደው ለአጥንታቸው ለማዋል ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን ቫይታሚን ቆዳቸው የሚሠራው ደግሞ በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። የመስኮት መስታወት አስፈላጊውን ጨረር ስለሚያስቀር እንስሳውን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ መፍትሔ አይሆንም። ለዚህ ተብሎ የተሠራው መብራትም ቢሆን እየበራ እንኳ ጨረሩ በወራት ውስጥ ይዳከማል። ባለቤቱ ብርሃን ስለሚያይ ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል፤ በዚያው ጊዜ የእንስሳው ሰውነት ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ እየሸረሸረ ይወስዳል። መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሮቹ ይጎብጣሉ፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች በቤት ከሚያዙ እንሽላሊቶችና ኤሊዎች ላይ ደጋግመው የሚያዩት በሽታ ይኸው ነው።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። በቂ ሙቀት ያላገኘ እባብ የዋጠውን መፍጨት ያቅተዋል፤ ምግቡ በሆዱ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። አየሩ እጅግ ከደረቀ ቆዳውን በወጉ አይገፍም፤ ጠባብ ሳጥን ከሆነ ደግሞ አካሉን ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ዕድሜውን ይጨርሳል። እነዚህ ሁሉ ባለቤቱ አስቀድሞ ሊያውቃቸውና ሊከላከላቸው የሚችሉ ጉዳቶች ናቸው። ተጠያቂነቱ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

1970ዎቹ፦ ሕጉ ለልጆች ሲል መጣ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ትናንሽ የውሃ ኤሊዎች በአሜሪካ ርካሽ የልጆች መጫወቻ ሆነው ይሸጡ ነበር። ልጆች ኤሊውን ሲነኩ፣ አንዳንዴም አፋቸው ውስጥ ሲያስገቡ፣ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ይይዛቸዋል። በአገሪቱ ከሚከሰተው የሳልሞኔላ ሕመም ከመቶ 14 ያህሉ ከእነዚህ ኤሊዎች ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተገመተ። በ1975 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የድንጋይ ልብሳቸው ርዝመት ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ከለከለ።

እገዳው እጅግ ብዙ ሕፃናትን ከሕመም አድኗል። ይሁን እንጂ በደንቡ ውስጥ ስለ ኤሊዎቹ ስቃይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ወደ ውጭ አገር መላክም አልተከለከለም፤ ስለዚህ የአሜሪካ አርቢዎች ገበያቸውን ወደ አውሮፓና እስያ አዞሩ።

1990ዎቹ፦ የፋሽን ዘመን

የኒንጃ ኤሊዎች የካርቱን ፊልም በ1987 በቴሌቪዥን ከጀመረ በኋላ ኤሊ የማይጠይቅ ልጅ ጠፋ። ከ1989 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ከጆሯቸው አጠገብ ቀይ መስመር ያላቸው ከ50 ሚሊዮን በላይ የውሃ ኤሊዎች ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል። ሲገዛ በመዳፍ ላይ የሚቀመጠው ኤሊ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስና ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር እንደሚችል ለገዢው የሚነግረው አልነበረም። ኤሊው ሲያድግ፣ ውሃው ሲሸት፣ ልጁም ሲሰለች ብዙዎቹ በየከተማው ኩሬ ተጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ይህን ዝርያ ማስገባት ከለከለ፤ ምክንያቱ ግን የተጣለው ኤሊ በአገሬው ኤሊ ላይ ያደረሰው ጫና ነበር።

በዚያው ዘመን ከሳህል ምድር የመጣ ሌላ ኤሊ በአሜሪካ ጓሮዎች ተስፋፋ። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በሚዘልቀው ደረቅ ቀጠና የሚኖረው ባለ ሹል ጭኑ የየብስ ኤሊ ነው። ሲፈለፈል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም አድጎ ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ትልቁ የየብስ ኤሊም ነው። ከሙቀት ለመሸሽ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አጥርና የቤት መሠረት አያቆመውም። ብዙ ባለቤቶችን አስቀድሞ ሊቀብራቸው የሚችል ዕድሜም አለው።

በ2000 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ይህንን ኤሊና በእኛም አገር የሚገኘውን ዝንጉርጉር የየብስ ኤሊ ማስገባትን ከለከለ። ምክንያቱ ኤሊዎቹ ይዘዋቸው የሚመጡት መዥገሮች ከብት የሚገድል በሽታ ሊያስተላልፉ መቻላቸው ነበር። ያ ሁሉ ኤሊ በየጓሮው እየተጣለ እያለ እገዳውን ያመጣው የከብቱ ደኅንነት ሆነ። በአገር ውስጥ ማራባቱ ስለቀጠለም ዛሬ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ የእንስሳት ማቆያዎች ባለቤት ባጡ የሳህል ኤሊዎች ተጨናንቀዋል። በትውልድ ምድሩ ግን ይኸው ዝርያ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዱ ነው።

2006፦ ጥያቄው ተለወጠ

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከብሪታንያ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1911 ጀምሮ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ ባለቤትን የሚቀጣው እንስሳው ከተሰቃየ በኋላ ነበር። የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ይህን ገለበጠው። ማንኛውም አከርካሪ ያለው እንስሳ የያዘ ሰው ተስማሚ መኖሪያ፣ ተስማሚ ምግብ፣ ተፈጥሯዊ ጠባዩን የሚገልጥበት ዕድል፣ እንደ ጠባዩ ከሌሎች ጋር ወይም ለብቻው መኖር እንዲሁም ከሕመምና ከጉዳት መጠበቅ የሚሉትን አምስት ፍላጎቶች የማሟላት ግዴታ ተጣለበት። ሕጉ እባቡን ከውሻው አላሳነሰውም። ተቆጣጣሪ ባለቤቱን በጽሑፍ አስጠንቅቆ የጊዜ ገደብ ሊሰጠው ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ዳግመኛ እንስሳ እንዳይይዝ ሊያግደው ይችላል። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳ መሸጥም ተከለከለ።

ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው «እንስሳው ሞተ ወይ?» ሳይሆን «የሚገባውን አግኝቷል ወይ?» ሆነ። ዝም ብሎ ለሚሠቃይ እንስሳ ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ አልተገኘም።

2009፦ ሁለት ክስተቶች

አሜሪካ በ2009 ሁለት ከባድ ጉዳዮችን አስተናገደች። በሐምሌ ወር ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ቤት ተይዞ የነበረ የበርማ ዘንዶ ከመስታወት ሳጥኑ አምልጦ የሁለት ዓመት ሕፃን ገደለ። ዘንዶው ያለ ፈቃድ የተያዘ ነበር፤ ለአንድ ወር ያህል እንዳልተመገበም በፍርድ ሂደቱ ተነግሯል። የሕፃኗ እናትና ጓደኛዋ በ2011 ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው 12 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። ፍርዱ ስለ ሕፃኗ ሞት ነው፤ እንደዚያም መሆን ይገባዋል። ነገር ግን አንድ የእንስሳት ጉዳይ መርማሪ የተራበውን ዘንዶ ቀድሞ አይቶ ቢያስወስደው ኖሮ ሕፃኗ ልትተርፍ ትችል ነበር። ለእንስሳው የሚደረግ ቁጥጥር ለሰውም ጥበቃ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በታኅሣሥ ደግሞ በቴክሳስ አርሊንግተን ከተማ ባለሥልጣናት ከአንድ የእንስሳት ጅምላ ነጋዴ መጋዘን ከ26,000 በላይ እንስሳትን ወረሱ። የ171 ዝርያዎች አባላት ነበሩ፤ ከነሱም መካከል ተሳቢዎች በብዛት ነበሩ። በ2014 ስለዚሁ መጋዘን የታተመ ጥናት ከእንስሳቱ ከመቶ 80 ያህሉ በግልጽ የታመሙ፣ የተጎዱ ወይም የሞቱ እንደነበሩ አመልክቷል። ከተወረሱት ተሳቢዎች ከመቶ 41 በላይ የሚሆኑት እርዳታ እያገኙ እንኳ በ10 ቀን ውስጥ አልቀዋል። በደሉ እንስሳው ቤት ከመድረሱ በፊት እንደሚጀምር ይህ መጋዘን አሳየ። የመጨረሻውን ባለቤት ብቻ መጠየቅ ስለዚህ አይበቃም።

2010ዎቹ፦ ከጫካው እስከ ዝርዝሩ

በ2012 የወጣ ጥናት በፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ የዱር ሥፍራ በበርማ ዘንዶ ምክንያት ራኩን የተባለው አጥቢ እንስሳ ቁጥር ከመቶ 99፣ ኦፖሰም የተባለው ደግሞ ከመቶ 98 በላይ መውረዱን አሳወቀ። ዘንዶዎቹ ሰዎች ከለቀቋቸው ወይም ካመለጧቸው የመጡ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት የበርማውን ጨምሮ አራት ትላልቅ የእባብ ዝርያዎችን ወደ አገር ማስገባት አገደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዘንዶው ጫካውን ከያዘ በኋላ መሆኑ ነው። በፍሎሪዳ ከ2006 ጀምሮ የሚሠራበት አንድ አሠራር ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ ባለቤት ማሳደግ ያቃተውን እንስሳ ያለ ቅጣት እንዲያስረክብ ይፈቅዳል፣ ለእንስሳውም ብቁ አሳዳሪ ይፈለግለታል።

በአውሮፓ በዚህ ጊዜ ሌላ መንገድ ተከፈተ። ኖርዌይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጸንቶ የቆየውን ተሳቢ እንስሳትን በቤት የመያዝ እገዳ በ2017 አንስታ 19 ዝርያዎችን ብቻ ፈቀደች። የቤልጂየሟ ፍላንደርስ በ2019 የተፈቀዱ ተሳቢዎችን ዝርዝር በሥራ ላይ አዋለች። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በዝርዝሩ የሌለ ዝርያ አይያዝም። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በእንስሳው ላይ መሆኑ ቀርቶ ሊይዘው በሚፈልገው ሰው ላይ ይወድቃል።

ከተሳቢዎቹ ምን ያህሉ በቤት ውስጥ እንደሚሞቱ ግን ክርክሩ አላበቃም። በ2012 የቀረበ አንድ ግምት በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 75 ይሞታሉ አለ፤ በ2015 የታተመው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ከመቶ 3.6 ብቻ አገኘ። ሁለተኛው ከባለቤቶቹ ከራሳቸው በተሰበሰበ መልስ ላይ የቆመ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ምዝገባ በሌለበት ቁጥር አይታመንም፤ ቁጥር በሌለበት ተጠያቂነት አይጸናም።

2020ዎቹ፦ የጠነከረ ቅጣት፣ የቀረ ክፍተት

በ2019 መጨረሻ የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በእንስሳት ላይ የሚፈጸመውን እጅግ የከፋ ጭካኔ ከባድ ወንጀል ሲያደርግ አጥቢዎችንና አዕዋፍን ብቻ ሳይሆን ተሳቢዎችንም በስም ጠቀሰ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሕጉ ግን መጨፍለቅንና ማቃጠልን የመሰለ ድርጊት እንጂ ችላ ማለትን አይመለከትም። የ1966ቱ የአገሪቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግም እስካሁን ደመ ሞቃት እንስሳትን ብቻ ነው የሚሸፍነው።

ፍሎሪዳ በ2021 ኢጓናንና ትላልቅ ዘንዶዎችን ጨምሮ 16 ዝርያዎችን ለንግድ ማራባትንና እንደ ቤት እንስሳ አዲስ መያዝን ከለከለች። እንግሊዝ በዚያው ዓመት የጭካኔን ከፍተኛ ቅጣት ከ6 ወር ወደ 5 ዓመት እስር አሳደገች፤ የእንስሳቱን ፍላጎት ባለማሟላት ብቻ የሚጣለው ቅጣት ግን ባለበት ቀረ። ጃፓን በሰኔ 2023 ቀይ መስመር ያለውን ኤሊ መሸጥና መልቀቅ ከልክላ፣ የለቀቀ እስከ 3 ዓመት እስር እንዲቀጣ ደነገገች፤ ቀድሞ የያዙት ግን እስከ መጨረሻው እንዲያሳድጉት ፈቀደች።

ምን ይቀራል?

ከሃምሳ ዓመቱ ጉዞ የምደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው። ቅጣትን ማክበድ ብቻውን አይበቃም፤ የታሠረ ባለቤት የጎበጠውን አጥንት አያቀናም። የሚያዋጣው ተጠያቂነትን ከግዢው በፊት ማስጀመር ነው። ሻጩ እንስሳው አድጎ ምን ያህል እንደሚሆን፣ ስንት ዓመት እንደሚኖርና መኖሪያው ምን እንደሚያስወጣ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይገደድ። ትላልቅና ረጅም ዕድሜ ያላቸው ዝርያዎች በባለቤታቸው ስም ይመዝገቡ። ማሳደግ ያቃተው ሰው ሳያፍር የሚያስረክብበት ቦታ ይኑር። ይህ ሁሉ ቀርቦለት ችላ ያለ ግን በውሻ ላይ እንደፈጸመው ተቆጥሮ ይቀጣ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችንም ጥያቄው ቤታቸው መግባቱ አይቀርም። ልጅዎ ኤሊ ወይም እንሽላሊት ግዙልኝ ካለ፣ ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ካለ አይግዙ፤ የጤና ባለሙያዎች ምክር ይህ ነው። ካልሆነም ተሳቢዎችን የሚያክም ሐኪም በአካባቢዎ መኖሩን፣ የመብራቱንና የሙቀቱን ወጪ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ማን እንደሚያሳድገው አስቀድመው ያረጋግጡ። ከነዚህ አንዱ መልስ ካጣ እንስሳውን ሱቁ ውስጥ ይተዉት። ቀድሞ የያዙት ካለና ካቃተዎት ደግሞ በምንም ምክንያት ሜዳ ወይም ኩሬ ላይ አይጣሉት፤ ለማቆያ ያስረክቡት። እንስሳውን በሳጥን የዘጋበት ሰው ነውና፣ ለሚደርስበት ሁሉ ተጠያቂውም እሱ ነው።