ስለ ኢንተርኔትና ስለ ብራውዘር ለጀማሪ የቀረበ መግለጫ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ እህል ብቻ ሳይሆን ወሬም ያመላልሳል። አንድ የጤፍ ነጋዴ በብቸና ገበያ ስልኩን ከፍቶ «የአዲስ አበባ ዋጋ ይኸው፤ በዚህ ሽጡ» ቢል፥ ገበሬው ወደ ሹሙ ዘወር ብሎ «እውነት ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ሹሙም ገጹ ከየት እንደ መጣ መለየት ካልቻለ የዓመት ድካም በአንድ ቃል ሊረክስ ይችላል። ስለዚህ ኢንተርኔትን ገና ለሚጀምሩ ለተከበሩ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ ለባለ ይዞታዎችም፥ ነገሩን በአጭሩ እንገልጻለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ይገባል። ኢንተርኔት ማለት የዓለምን ኮምፒዩተሮች የሚያገናኝ መንገድ ነው፤ ወደ አገራችንም የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ብራውዘር ግን በመንገዱ ላይ የሚላክ መልእክተኛ ነው። ክሮም፥ ፋየርፎክስ፥ ሳፋሪና ኦፔራ የሚባሉት ሁሉ ሥራቸው ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ብራውዘር የሠራው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1990 ነው።

አሠራሩን በአገራችን ምሳሌ እንመልከት። በዲማ ጊዮርጊስ የሚኖር መምህር በደብረ ወርቅ ዕቃ ቤት ያለ መጽሐፍ ለማንበብ ቢሻ ተማሪ ይልካል። ተማሪው የደብሩንና የመጽሐፉን ስም ይዞ ይሄዳል፤ ዕቃ ቤት ጠባቂውን ይለምናል፤ የተፈለገውን ቅጠል ገልብጦ ያመጣል፤ መጽሐፉ ግን ከስፍራው አይነሣም። እንደዚሁም ብራውዘር የጻፍንለትን አድራሻ ይዞ ድረ ገጹ ወደ ተቀመጠበት ኮምፒዩተር፥ ሰርቨር ወደሚባለው፥ ይደርሳል፤ የገጹንም ግልባጭ በቅጽበት አምጥቶ በፊታችን ይዘረጋዋል።

ዳሩ ግን ተማሪው ያመጣው ቃል እውነት ስለ መሆኑ እንደማይመሰክር ሁሉ፥ ብራውዘርም አይመሰክርም፤ መርማሪው አንባቢው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይመርመር።

አንደኛ፥ አድራሻው። የሚኒስቴሮቻችን አድራሻ በተለመደው አኳኋን በ«ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ያልቃል። አታላይ ግን የታወቀውን ስም ከፊት አኑሮ መጨረሻውን ይለውጣል፤ ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ እስካለው የመጀመሪያ ዘንባላ ሰረዝ (/) ድረስ ያለው በሙሉ ይነበብ።

ሁለተኛ፥ ቀኑ። ባለፈው ዓመት የተጻፈ ዋጋ ለዛሬ ገበያ አይሆንም።

ሦስተኛ፥ ገጹ የሚጠይቀው ነገር። የምስጢር ቃል ወይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲጠይቅ፥ አድራሻው እንደ ገና ሳይነበብ አንዳች አይጻፍለት። በአድራሻው አጠገብ የሚታይ የቁልፍ ምልክትም መንገዱ ከአድማጭ የተሰወረ መሆኑን ያመለክታል እንጂ የገጹ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አያረጋግጥም።

መልእክተኛው ብርቱ ቢሆንም መንገዱ ከተዘጋ ባዶ እጁን ይመለሳል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ይህ ታይቷል። ስለዚህ ለሥራ የሚያስፈልግ ገጽ አስቀድሞ በወረቀት ታትሞ ይቀመጥ። ኢንተርኔት የሌለው ገበሬም አይዘንጋ፤ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የግብርና የስልክ መስመር በተራ ስልክ ምክር እንዲሰጥ የተቋቋመ ነው።

ማንበብ የሚችል ሹም ላልተማረው ዐይን ነው። ስለዚህ ገበሬ ስለ ዋጋ ሊጠይቅ ሲመጣ «ስልኩ እንዲህ ይላል» ተብሎ አይሰናበት፤ «ይህን የጻፈው ይህ መሥሪያ ቤት ነው፤ የተጻፈውም በዚህ ቀን ነው» ተብሎ ይነገረው።