ቁርቁራው አጥር ሆነ

ወደ ደሴ የሚሄደው መኪናችን ጎማ ሊያስነፋ ካራቆሬ ላይ ቆመ። እግሬን ላፍታታ ወርጄ ከአስፋልቱ ፈንጠር ብሎ ወዳለ ትምህርት ቤት አጥር ተጠጋሁ። የስድስተኛ ወይም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚመስል ልጅ ከኪሱ ቁርቁራ እያወጣ ይበላል፤ ሥጋውን ይመጥና ዘሩን ይተፋል። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው በአገጩ ወደ ወንዙ ጠቆመኝ። "ግቢያችሁ ውስጥ የለም?" አልኩት። ሳቀብኝ። "እሱማ እሾህ ነው! አጥሩ ራሱ እኮ እሱ ነው።"

እውነቱን ነበር። አጥሩ የተሠራው ከተቆረጠ የቁርቁራና የግራር ቅርንጫፍ ነው። አጥሩ የሚጠብቀው ደግሞ በክረምቱ የተተከሉ የኒም፣ የግራቪሊያና የጃካራንዳ ችግኞችን ነው። ሦስቱም ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። የአገሩ ዛፍ ተቆርጦ እንግዳውን ይጠብቃል።

መኪናው ተነሣ፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ከሸዋሮቢት እስከ ካራቆሬ ባለው መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የትምህርት ቤት ግቢ ይፈልጋል። ተማሪዎቻችን በየዓመቱ ይተክላሉ። የሚተክሉት ግን የማንን ዛፍ ነው? ከተከሉ በኋላስ ማን ያየዋል?

የችግኝ ተከላ ዘመቻውን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ፤ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 566 ሚሊዮን ደረሰ። በሁለቱም ቀን ከፊት ከተሰለፉት መካከል ተማሪዎች ነበሩ። በየግቢው የገባው ምን ዓይነት ዛፍ እንደሆነ ግን ከቁጥሩ ጀርባ ተሸሽጎ ቀረ። በአካባቢው ካሉ ወረዳዎች በአንዱ የግብርና ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ለትምህርት ቤቶች ከታደለው ችግኝ ምን ያህሉ አገር በቀል እንደሆነ ጠየቅሁ። ኃላፊው ደብዳቤ ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ ስልክም አላነሡም።

ስልኩን በመጠበቅ ፈንታ መጻሕፍት ገለጥኩ። እነዚህ ከተሞች ባሉበት በይፋት ተክል መትከል ዛሬ የተጀመረ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1332 የሆነውን የሚተርከው የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ በማርዓዴ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደዛተ ይናገራል። ያኔም መትከል የሥልጣን ቋንቋ ነበር ማለት ነው። ከይፋት ቆላ በላይ፣ ከጣርማበር እስከ አንኮበር ባለው ገደል ላይ የተንጠለጠለው የወፍ ዋሻ ጫካ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዚህ ጫካ የጥድ ዘር አስወስደው መናገሻ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል። እውነት ከሆነ ከጥንታዊ የተከላ ዘመቻዎቻችን አንዱ የተካሄደው በአገር በቀል ዘር ነው፤ ዘሩም የሸዋ ነው።

ባሕር ዛፍ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አወጣት፤ ይህን ውለታውን መካድ አይቻልም። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ እርከን ሲሠራና ተራራ ሲለብስም ቶሎ የሚያድገው ተመረጠ። ትምህርት ቤቶችም ተከተሉ፤ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ለአጣናና ለቋሚ መሸጥ የውስጥ ገቢ ነው። ጠመኔና ወንበር የሚገዛበት ብር የሚያጣ ርዕሰ መምህር ቁልቋልና ወይራ ለምን አልተከልክም ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።

የሚያስቆጨው ቦታው ነው። ካራቆሬ የተቀመጠችው የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ሥር ነው። ምድሩ ዛሬም አላረፈም፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ የካራቆሬን መንገድ ሰንጥቋል። በዚሁ ጠርዝ ላይ ከቆላው ግራር፣ በደኖና ቁርቁራ ተነሥቶ ዳገቱን የወጣ ሰው ዋንዛና ወይራን፣ ከዚያ ጥድን አልፎ መንዝ ላይ ጓሳና ጅብራ ጋ ይደርሳል። የጓሳን ሣር ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የአጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆታል። ሌላው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት አውሮፕላን ይሳፈራል፤ የካራቆሬ ተማሪ ግን በመስኮቱ ያየዋል።

የአገሪቱን ዕፅዋት መዝግቦ ለመጨረስ የእኛና የስዊድን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ደክመዋል። ስምንት ጥራዝ ወጣው። ወደ 6,000 ከሚጠጉት ዝርያዎች አንድ አሥረኛው ገደማ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይዞ ተማሪ ያስጎበኛል። ከካራቆሬ ጉለሌ ድረስ ሄዶ የሚጎበኝ ተማሪ ግን አላጋጠመኝም።

አገር በቀሉ ለምን በየግቢው አይገኝም? አንደኛው ምክንያት ዘሩ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ በፈላ ውኃ ካልተነከረ ወይም በፍየል ሆድ ካላለፈ ቶሎ አይበቅልም። የወይራ ዘር ሽፋኑ መሰበር አለበት። ዝግባማ ወራት ያስጠብቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ ይህንኑ ምስጢር ሲፈቱ ኖረዋል፤ ስለ አገር በቀል ዛፎች አፈላል የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። ዕውቀቱ አለ። ግን በመቶ ሺህ ችግኝ አፍላ የሚል ትእዛዝ የደረሰው ችግኝ ጣቢያ ዘር ሲሰብር አይውልም፤ ግራቪሊያ ያፈላል።

ሁለተኛውን ምክንያት የነገሩኝ የአንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ ናቸው። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያልፋል፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። ከሁሉ ይልቅ የእሳቸው ንግግር ጆሮዬ ላይ ቀርቷል።

"ሐምሌ ላይ በመኪና ይመጣሉ። ቆብና ካናቴራ ይታደላል። ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ እኔና ፍየሎቹ እንቀራለን። ፍየሎቹ ብዙ ናቸው፤ እኔ አንድ ነኝ።"

ተማሪዎቹስ አልኳቸው።

"ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ ልጄ? ክረምት ለመምህሩ ዕረፍት ነው፣ ለተማሪው እርሻ ነው፣ ለርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ነው። ሥራ ላይ ያለው ችግኙ ብቻ ነው።"

በግቢው ያለው የኒም ዛፍ ለምን እንደተረፈም ጠየቅኋቸው። "ይመርራል፤ ፍየል አይደፍረውም። ዋንዛውን ግን ቅጠል ባወጣ ቁጥር ይልሱታል። አገር በቀል ተክላችሁ አጥር ካልሠራችሁ ለፍየል ቀለብ ሰጣችሁ ማለት ነው።" ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ጨመሩ፦ "ወንዝ ዳር ያለውን ቁርቁራ ማን ተከለው? ፍየል ነው የተከለው። ከእኛ ይሻላል፤ እሱ የተከለውን አይቆጥርም።"

ሽማግሌው የተናገሩት በአንድ መስመር ሲጠቃለል የትምህርት ዘመኑና የተከላ ወቅቱ ጀርባና ጀርባ ናቸው ማለት ነው። ችግኙ በሚተከልበት ሐምሌ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ አረም በሚውጠው ነሐሴም እንዲሁ። ተማሪው መስከረም ላይ ሲመለስ ዝናቡ እየወጣ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ደግሞ ውኃ ይጠይቃል።

ይህን እንቆቅልሽ በራሷ መንገድ ልትፈታ የሞከረች የባዮሎጂ መምህርት አግኝቻለሁ። ሰልፍና ካናቴራ የላትም። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ወይም ከሰፈሩ አንድ አገር በቀል ተክል ከነታሪኩ ይዞ ይመጣል፤ ምን ይባላል፣ የት ይበቅላል፣ አያት ለምን ይጠቀሙበታል የሚለውን በደብተሩ ጽፎ ያስረዳል። እሬት፣ ግራዋ፣ ዳማ ከሴ፣ ምስርች፣ ክትክታ፣ እንዶድ መጥቷል። መደቡ ያለው እጅ መታጠቢያው አጠገብ ስለሆነ የሚፈሰው ውኃ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሲያንስ ልጆቹ በሃይላንድ ይዘው ይመጣሉ። የዛፍ ዘር የሚዘሩት ልጆቹ ግቢ ውስጥ ባሉበት በጥርና በየካቲት ነው። "የሞተብኝን አልደብቅም፤ ለምን ሞተ የሚለው ራሱ ፈተና ላይ ይወጣል" አለችኝ። ወደ ላይ በሚላከው ሪፖርት ግን የእሷ መደብ ቦታ የለውም፤ ቁጥሩ ያንሳል።

እንዶዱ ላይ ቆም ልበል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነበሩ። ከዚያ የተነሣው ምርምር እሳቸውንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን እ.ኤ.አ. በ1989 ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብቅቷል። በቦርከና ወንዝ ዙሪያና በመስኖ በሚለማው ቆላ ቢልሃርዝያ እንግዳ በሽታ አይደለም። ወንዝ ወርዶ የሚዋኝ ልጅ በሽታውንም፣ ቀንድ አውጣውንም፣ ተክሉንም በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከአንድ መደብ ላይ መማር ይችላል። ይህን ዕድል ጃካራንዳ አይሰጠውም።

አገር በቀሉን የመተው መዘዝ በአጭሩ ይህ ነው። አያት የሚያውቁትን ልጅ አያውቅም። ክፍት የቀረውን ግቢ በ1970ዎቹ ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ የሚታመነው ቅንጬ አረም ይወርሰዋል፤ ሲነቅሉት ቆዳቸው የሚያሳክካቸው ተማሪዎቹ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና ካራቆሬ በግጭት ሲነዱ፣ በቀጣዩ ዓመትም የሰሜኑ ጦርነት ሲደርስ ከመማሪያ ክፍሉ ጋር የተጎዳ ግቢ አለ። ዳግም ሲሠራ ጣሪያና ወንበር መቅደሙ ግድ ነው፤ ዛፉ ግን ሁሌም በመጨረሻ ይታሰባል፣ ሲታሰብም በዘመቻ ነው።

መፍትሔው ብዙ ብር የሚጠይቅ አይመስለኝም። ዘሩ በትምህርት ወራት፣ በተማሪው እጅ ይዘራ፤ ለሐምሌና ለነሐሴ ለጥበቃው የእንክብካቤ አበል ይቆረጥለት፤ መደቡ በአካባቢ ሳይንስና በባዮሎጂ ማርክ ይያዝበት። ቆጠራው ደግሞ ከሐምሌ ወደ ግንቦት ይዛወር። ሐምሌ ላይ ሁሉም ችግኝ ሕያው ነው፤ በጋውን ያለፈው የሚታወቀው ግንቦት ላይ ነው። በዚያ ቆጠራ አርባ ዋንዛና ሃያ ግራር ያሳየ ትምህርት ቤት አራት ሺህ ተከልኩ ካለው በልጦ ይመዝገብ። ቁጥሩ አንሶ ሲገኝ ማፈር ያለበት ደግሞ ተማሪው ሳይሆን ችግኙን አውርዶ የሄደው ክፍል ነው።