በጥንድ ጨዋታ ድፍረትን ስለ መመለስ

የሜዳ ቴኒስ በራኬትና በትንሽ ኳስ የሚደረግ ጨዋታ ነው። በሜዳው መካከል መረብ ይዘረጋል፤ ኳሱም ከመረቡ በላይ እየተመታ ከወዲህ ወዲያ ይመላለሳል። አንድ ሰው ከአንድ ሰው ጋራ ሲጫወት ሜዳው ጠበብ ይላል። ሁለት ሆነው ከሁለት ጋራ ሲጫወቱ ግን በቀኝና በግራ ይሰፋል፤ ስፋቱም ወደ 11 ሜትር ይደርሳል። ይህን ሜዳ አንድ ሰው ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም። ስለዚህ በጥንድ የሚጫወቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተማመናሉ።

የዚህ ጨዋታ ፈተና ከእጅ ይልቅ በልብ ላይ ይበረታል። በኩየራም ይሁን በአዳማ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ኳስ የማስጀመር ተራ ቢደርሰው ሁለት ጊዜ እንዲሞክር ይፈቀድለታል። ሁለቱንም ቢስት ነጥቡ ለባላጋራው ይሆናል። ያን ጊዜ ተማሪው ያፍራል፤ እጁም ይከብዳል። «ጓደኛዬን አሳፈርሁት» ብሎ ያዝናል። ያለፈውን ሲያስብም የሚመጣውን ኳስ አያይም። እንዲህም ሆኖ አንዱ ስሕተት ሌላውን ይወልዳል።

ነገር ግን የጨዋታውን ሕግ ያስተዋለ ሰው ፈጥኖ ተስፋ አይቈርጥም። ኳሱ አጥር ዘሎ ቢሄድ የሚጠፋው አንድ ነጥብ ነው፤ ከመስመሩ በአንድ ጣት ቢያልፍም የሚጠፋው ያው አንድ ነጥብ ነው። ነጥቡም 15፣ 30፣ 40 እየተባለ ይቈጠራል፤ ያ ክፍል ሲያልቅ ለሁለቱም ወገን እንደ ገና ከባዶ ይጀመራል። ደግሞም ቴኒስ በሰዓት የሚያልቅ ጨዋታ አይደለም። የመጨረሻው ነጥብ እስኪገኝ ድረስ ያሸነፈም የተሸነፈም የለም።

በአንድ ነጥብና በሚቀጥለው ነጥብ መካከል ጥቂት ዕረፍት አለ፤ በታላላቅ ውድድሮች 25 ሰኮንድ ነው። ብልህ ተጫዋች በዚህ ጊዜ ፊቱን ከመረቡ መልሶ በቀስታ ይተነፍሳል። ቀጥሎም ከባዱን ምት ትቶ ቀላሉን ይመርጣል፤ ይኸውም ኳሱን በመረቡ መካከል ማሳለፍ ነው። መረቡ በዳር 107 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ በመካከል ግን 91 ብቻ ነውና። አንድ ኳስ በደኅና ሲያልፍለት ልቡ ጥቂት ይመለሳል፤ ሁለተኛው ሲያልፍለት ይበልጥ ይመለሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ ነው።

በዚህ ሰዓት የጓደኛ ሥራ ታላቅ ነው። ጓደኛው ራኬቱን ወርውሮ ፊቱን ቢያዞርበት የተሳሳተው ልጅ ጨርሶ ይወድቃል። «አይዞህ፤ የሚቀጥለውን ወደ መካከል ምታው» ቢለው ግን ኀፍረቱን ትቶ ሥራውን ያስባል።

በሩጫም እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል። በአዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በ15 ዓመቷ ወደ ሆላንድ ሄዳ ለዚያ አገር ሮጠች። ሐምሌ 26 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ሲጀመር በፊቷ ያለች ሯጭ ወደቀች፤ ሲፋንም ተደናቅፋ ወደቀች። ወዲያው ተነሥታ በፊቷ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አልፋ አንደኛ ሆነች። በዚያው ቀን ማታም በ5,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አገኘች።

በአርሲ በበቆጂ የተወለደችው ደራርቱ ቱሉ ደግሞ በጥቅምት ወር 2002 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ስትሮጥ፣ ፓውላ ራድክሊፍ የተባለችውን የእንግሊዝ ሯጭ እግሯ ሲያማት አየች። ባላጋራዋ ስትሆን ሳለ እንድትበረታ አደፋፈረቻት። ፓውላ አራተኛ ሆና ፈጸመች፤ ደራርቱም አንደኛ ሆነች። ባላጋራን ማበርታት ከተቻለ በአንድ ወገን የቆመ ጓደኛ ምንኛ ሊበረታ ይገባዋል!

እንግዲህ ድፍረት ማለት አልሳሳትም ማለት አይደለም። ከስሕተት በኋላ ዓይንን ወደሚመጣው ኳስ መመለስ ነው። ጓደኛውም የተሳሳተውን የሚያበረታ፣ ነገ እርሱ ሲሳሳት የሚያበረታው ሰው ያገኛል።