አያቴ ወደ ላይ አመጣችኝ

ባለፈው ክረምት አንዲት የጎረቤት ልጅ ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣች። ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች፣ ዘጠነኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ናት። ጅቡቲ ያለው አጎቷ ወስዶ ሊያስተምራት አስቧል። እዚያ ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ ስለ ራሷ አጭር ደብዳቤ በፈረንሳይኛ ጽፋ እንድትልክ ተጠይቃለች። ከአጎቷ ልጆች ጋር በስልክ እያወራች ጥቂት ፈረንሳይኛ ለምዳለች። ደብዳቤውን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጻፈችው፤ ከዚያ መዝገበ ቃላት ይዛ ቃል በቃል ገለበጠችው።

«ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ቆምኩ። በእንግሊዝኛው አያቷ እንዳሳደገቻት ለመናገር «ብሮት ሚ አፕ» ብላለች፤ ትክክል ነው። ወደ ፈረንሳይኛ ስትመልሰው ግን «ብሮት»ን ለብቻው «አመጣች»፣ «አፕ»ን ለብቻው «ወደ ላይ» አደረገችው። ደብዳቤውን የሚያነብ ሰው አያቷ ይዛት ፎቅ የወጣች ሊመስለው ነው። እኒህ አያት የግመል ወተት ሸጠው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት ሴት ናቸው። ከደብዳቤው ሁሉ ዋናው ነገር የጠፋው እዚያች ላይ ነበር።

ስስቅ አይታ ደብተሩን ዘጋችው። «ይቅርብኝ፤ ፈረንሳይኛ አልችልም» አለች። በመሳቄ አፈርኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ከጡረታ በፊት እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ሐረጋዊ ግስ የምንላቸውን፣ ማለትም አንድ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም የሚሰጥባቸውን፣ በዝርዝር ጽፌ «አጥኑ» እል ነበር። አንዱ ጥምር በየዐረፍተ ነገሩ ሌላ እንደሚሆን እምብዛም አላስተማርኩም።

በእኛ አካባቢ ይህ ጉዳይ የቅንጦት አይደለም። ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳ የሚሻገር ሰው እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል፤ በሽንሌ፣ በአይሻና በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ፈረንሳይኛ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ ስትወጣም ፈረንሳይኛን ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ ይዛለች። የአንድ ቤተሰብ ልጆች፣ በቤታቸው ሁሉም ሶማሊኛ እየተናገሩ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ በሁለት የውጭ ቋንቋ ይለያያሉ።

ልጅቱን አረጋግቼ አስቀመጥኳትና አንድ ነገር ጠየቅኳት። «አንድ ፈረንጅ አማርኛ ሲማር ‹ቁጭ አለ› የሚለውን ቢያገኝና ‹አለ›ን ‹ተናገረ› ብሎ ቢተረጉመው ምን ይሆናል?» ሳቀች። «ዝም አለ»ን እንዲህ ቢተረጉመውማ የባሰ ነው፤ ዝም ያለው ሰው የሚናገር ይሆናል። እኛ «ብድግ አለ» ስንል ማንም ምንም አልተናገረም፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ አንድ ድርጊት ናቸው። «ብሮት አፕ»ም እንዲሁ ነው።

ሶማሊኛዋም ይህንኑ ያውቃል። «ሐደል» ማለት ተናገር ነው። ከፊቱ «ላ» ሲገባ ከሰው ጋር ማውራት፣ «ካ» ሲገባ ስለ አንድ ጉዳይ መናገር፣ «ኩ» ሲገባ በአንድ ቋንቋ መናገር፣ «ኡ» ሲገባ ስለ ሌላ ሰው ሆኖ መናገር ይሆናል። ትንሿ ቃል ትርጉሙን እንደምትለውጥ ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ሳትገባ ታውቀዋለች። ያወቀችውን እንድትጠቀምበት የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ፈረንሳይኛ በዚህ በኩል ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል። እንግሊዝኛ «ጎ አውት»፣ «ጎ አፕ»፣ «ጎ ዳውን» እያለ አቅጣጫውን በትንሿ ቃል ያሳያል። እኛ ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ እንደምንለው ሁሉ ፈረንሳይኛም በአንድ ግስ ይጨርሰዋል፦ «ሶርቲር» መውጣት፣ «ዴሳንድር» መውረድ፣ «አንትሬ» መግባት። እንግሊዝኛ «ራን አውት» የሚለውን ሰው ፈረንሳይኛ «እየሮጠ ወጣ» ነው የሚለው፤ ልክ እንደ አማርኛው። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚሻገር ልጅ በአማርኛው በኩል ቢያልፍ መንገዱ ያጥርለታል።

ትርጉማቸው ከቃላቱ የራቀ ሲሆን ደግሞ ጥምሩን እንዳለ መውሰድ ነው። «ሉክ ፎር» መፈለግ ነው፤ በፈረንሳይኛ «ሸርሼ»። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው፤ ከማየት ጋር አይገናኝም። «ቴክ ኦፍ» ስለ አውሮፕላን ሲሆን መነሣት፣ ስለ ጫማ ሲሆን ማውለቅ ነው፤ በፈረንሳይኛም ሁለት የተለያዩ ግሦች ናቸው።

ወላጆችና አያቶች እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም ባታውቁ ልጆቻችሁን መርዳት ትችላላችሁ። ልጁ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያንብብ። ከዚያ «ምን ሆነ ማለት ነው?» ብላችሁ በቤታችሁ ቋንቋ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ተረት እንደሚነግር ከነገራችሁ ገብቶታል፤ ቃል እየለቀመ ከተንተባተበ ገና ነው። በደብተሩ ላይ ነጠላ ቃል ሳይሆን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ተርጉሞ ሲጨርስም የጻፈውን መልሶ ለእናንተ በቤት ቋንቋ ይንገራችሁ። አያቲቱ ፎቅ ከወጡ ስሕተቱ ያኔውኑ ይታያል።

እኛም እንዲሁ አደረግን። አያቷን ጠራናቸው፤ ማንበብ አይችሉም። ልጅቱ «አየዮ፣ አንቺ ለእኔ ምን አደረግሽልኝ ልበል?» ብላ በሶማሊኛ ጠየቀቻቸው። አያት ግራ ገባቸው። «ኮሪየይ ነዋ፤ ሌላ ምን ይባላል?» አሉ፤ አሳደግኩሽ ማለታቸው ነው። በሶማሊኛ «ኮር» ላይ ማለት ነው፤ ማደግም ነው። ልጅቱ መዝገበ ቃላቱን ገልጣ በፈረንሳይኛ ማሳደግ «ኤልቬ» እንደሆነ አገኘች። ይኸው ቃል ከፍ ማድረግም ማለት ነው። ያ «ወደ ላይ» ለካ በሦስቱም ቋንቋ አለ፤ ችግሩ ነጥላ ማውጣቷ ነበር።

ዐረፍተ ነገሩን ሰርዛ በእጇ እንደገና ጻፈችው። አያቷ የጻፈችውን ጮክ ብላ እንድታነብላቸው ጠየቁ፤ አነበበችላቸው። ከፈረንሳይኛው አንድም ቃል አልገባቸውም። ግን ሁለት ጊዜ አስደገሟት።