ኮምቦልቻና ደሴ፦ በኪሎ ሜትር የማይለካ መንገድ

«ኮምቦልቻና ደሴ ምን አላቸው፤ ከቤት እስከ ጓሮ ናቸው» ይባላል። ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚቆጥር ሰው አባባሉ እውነት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ታሪካዊ ከተሞችን በመኪና እየተዘዋወረ ማየት የሚፈልግ ሰውም ዕቅድ ሲያወጣ በመካከላቸው ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ከቁም ነገር አይጥፈውም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ይመጣና የመጨረሻዋን ዳገት ለመገላገል ያህል ይወጣታል። ስሕተቱ መለኪያው ላይ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ይገኛሉ። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ኮምቦልቻ ላይ እጅጌውን የጠቀለለ ሰው ደሴ ፒያሳ ሲደርስ ጃኬቱን ይፈልጋል። ውኃ እንኳ ደሴ ላይ የሚፈላው ከኮምቦልቻው 2 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ነው፤ የደሴ ንፍሮ ለመብሰል ትንሽ የሚለግመውም ለዚሁ ነው። ወይና ደጋን ለቆ ደጋ የሚያስገባ መንገድ በሰዓት ቆጣሪ ሲታይ አጭር ቢሆንም ጉዞ አይደለም ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው እምነት ጉዞው ከደሴ መጀመር አለበት የሚለው ነው፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ብቻ ናት በሚል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ደሴን ከታች መጥቶ ማየት ይሻላል። አንደኛው ምክንያት ተራ ነገር ነው፦ ብርሃን። ኮምቦልቻ ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት የሚወርድ ሾፌር ፀሐይን ፊት ለፊት ይቀበላታል፤ ጠዋት የሚወጣው ግን ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ተዳፋቱን ከነእርከኑ በደንብ ያየዋል። ከሰዓት በኋላ ምዕራብ ያለው ተራራ ጥላውን ስለሚጥል ያው ተዳፋት ይደበዝዛል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ መቀመጫቸውን ከተንታ አዛውረው ለምን ደሴ ላይ እንደተከሉ ከከተማው ውስጥ ሆኖ መረዳት ያስቸግራል። ዳገቱን ሲወጡት ግን ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ ቶሳ ተራራ ደጀን ነው፤ ምሥራቁ ወደ ባቲና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ከምዕራብ ያለው ደጋ ደግሞ ውኃውን ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይልካል። ደሴን አቋርጦ የሚወርደው ቦርከና ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ሌላ ነው፤ ኮምቦልቻንና ጨፋን አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፣ አዋሽም አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል እንጂ ባሕር አያይም። እንግዲህ ደሴ የተቆረቆረችው ሁለት የውኃ ዓለማት በሚለያዩበት ጫፍ አጠገብ ነው። ከወልድያ በኩል የሚመጣ ሰው «እኔ መጀመሪያ የማገኘው ደሴን ነው፤ ምን ላድርግ?» ሊል ይችላል። መልሱ ቀላል ነው፤ ከሰዓት ወርዶ ኮምቦልቻ ያድርና በማግስቱ ጠዋት ይመለስ።

በዚህ መንገድ ዙሪያ እንደ «ጣሊያን ሠራው» የሚደጋገም ወሬ የለም። ወሬው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ደሴን አልፎ አስመራ የሚዘልቀውን መንገድ አስፍተዋል፤ የጣርማ በርንም ዋሻ ፈልፍለዋል። ነገር ግን «ከዚያ በፊት መንገድ አልነበረም» የሚለውን ራሱ የወረራው ታሪክ ያፈርሰዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ደሴ የገቡት በመኪና ነው፤ ኅዳር 26 ቀን ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብም እዚያው ነበሩ። ጣሊያኖች ደሴን የያዙት በሚያዝያ ነው። ከዚያ የማርሻል ባዶልዮ ጦር ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ በሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ያን ሁሉ ካሚዮን በቀናት ውስጥ አዲስ የተሠራ መንገድ አላሳለፈውም። ጦሩ ጣርማ በር ላይ የቆመው መንገድ ጠፍቶ ሳይሆን ኢትዮጵያውያን የነበረውን መንገድ ስላፈረሱበት ነው፤ የሚፈርሰው ደግሞ ያለ ነገር ነው። «ያ የጭቃ መንገድ ነበር፤ ከአስፋልት ጋር አይወዳደርም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ጥያቄው ግን ማን አስፋልት አነጠፈው አይደለም፤ ማን መስመሩን አወጣው ነው፤ መስመሩን ያወጡት የወሎ ነጋዴዎችና የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ሠሪዎች ናቸው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1815 ናፖሊዮን ከባሕር ጠረፍ ወደ ግረኖብል የዘመተበትን መስመር በ1932 «የናፖሊዮን መንገድ» ብለው ሰይመው የጎብኚ መንገድ አድርገውታል። እኛ ዘንድ ያለው ታሪክ ከዚያ አያንስም፤ የሚያንሰው መንገድ ዳር የተተከለ ሰሌዳ ነው።

ኮምቦልቻ ታሪክ የላትም የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። የደሴ አውሮፕላን ማረፊያ የሚባለው ራሱ ኮምቦልቻ ነው፤ ለጥ ያለ ሜዳ ያለው እዚያ ስለሆነ። ወደ ባቲ፣ ሚሌና አሰብ የሚታጠፈው መንገድ የሚነሣውም ከእሷ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደቡ የዚያ መታጠፊያ ልጆች ናቸው።

ሾፌሮችን የሚመለከት አንድ እምነት አለ፤ ይህኛው ነፍስ ያጠፋል። «ሐረጎን በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል» ይላሉ። ካርቡራተር በነበረበት ዘመን የተወሰነ ጥቅም ነበረው ይባል ይሆናል። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭ የዛሬ ሞተር ግን ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ በፎሌ የሚወርደው ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ የሚያቃጥለው። ሂሳቡን እንየው፦ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 25 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ሞተሩና ነፋሱ ካልተጋሩት ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። የጋለ ፍሬን ሲረግጡት አይዝም። የወጡበት ማርሽ የሚወርዱበትም ነው የሚለው የነባር ሾፌሮች ደንብ ፊዚክሱን ጠንቅቆ ያውቃል።

«ከመስከረም ወዲያ ያለው ወር ሁሉ ደረቅ ነው» ማለትም ለወሎ አይሠራም። ወሎ በልግ አለው፤ ከየካቲት ጀምሮ ሊዘንብ ይችላል። ለዓይን የሚመረጠው ከአደይ አበባ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ያለው ጊዜ ነው፤ በሐምሌና ነሐሴ ሐረጎ ጉም ስትለብስ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ የሚታይ ነገር አይኖርም።

ጊዜ ያለው ሰው ጉዞውን በሁለቱም ጫፍ ማስረዘም ይችላል። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ባቲ አለች፤ ሰኞ ቀን አፋሩ ከነግመሉ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙባት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ደግሞ ሐይቅ አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አምባሰል ይጀምራል። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚህ አንድ መስመር ላይ ይገኛሉ፤ በአንድ ቀን መንዳት ከቅኝት ወደ ቅኝት የሚያደርስ ሌላ መንገድ አላውቅም።

በጣም የሚከብደው ተቃውሞ የሰላም ነው። ሁለቱ ከተሞች በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው የነበሩ ናቸው፤ ያኔ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህም በክልሉ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ስለዚህ «መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው» የሚለውም፣ «ወሎ ጭራሽ አይኬድም» የሚለውም የዕለቱን ወሬ አይተኩም። የዕለቱን ወሬ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው መናኸሪያው ነው፤ ከመነሣት በፊት እዚያ መጠየቅ፣ ከመሸም አለመንዳት። ሙዚየሙንም፣ ንጉሥ ሚካኤል ደሀውንም ባለጸጋውንም ሳይለዩ ግብር ያበሉበት ነበር የሚባለውን የአይጠየፍ አዳራሽንም አስቀድሞ ክፍት መሆናቸውን ማጣራት ይገባል። ቀኑ ሰኞ ከዋለ ግን ባቲ ይቅደም፤ ገበያ ከሰዓት በኋላ ይሳሳል፣ ሐረጎም ለማክሰኞ ጠዋት ይደርሳል።